ከመደቡ ጋር የመጣ ቤት

አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጥግ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበት የመንግሥት ቤት ደጃፍ ላይ አንድ የድንጋይ ደረጃ ነበር። የአቃቂን ጥቁር ጭቃ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዓይነት ደረጃ ጥቅም ያውቃል፤ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያራግፍበታል፣ ያወልቅበታል። እኔ ግን አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። ከሥራ ስገባ የበሩን መቃን ይዤ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ እየተንገዳገድኩ ነበር የማወልቀው። ባለቤቴ ስታየኝ ትስቃለች።

«ደረጃው ይነክስሃል እንዴ?» ትለኛለች።

አብሬያት እስቃለሁ። ከእኛ በፊት በዚያ ቤት የኖሩት ሰው እዚያው ደረጃ ላይ እንደሞቱ እሷም ታውቃለች፤ የሟቹን መንፈስ የምፈራ ይመስላታል። ሟቹን አልፈራም ነበር። ሰውየው በሕይወት ሳሉም የሚያስፈሩ አልነበሩም፤ የመሥሪያ ቤታችን የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፣ ዝምተኛ፣ ቁልፋቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። አንድ የሐምሌ ቀን ከሥራ ገብተው ጫማቸውን ሊያወልቁ ተቀመጡ። አንዱን አወለቁ። ሁለተኛውን ያወለቁላቸው ባለቤታቸው ናቸው።

የምፈራው ባለቤታቸውን ነበር። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ የልጆቼ እናት እንኳ ይህን ስታነብ ነው የምታውቀው።

መሥሪያ ቤታችን ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን የመንግሥት ዕቃ አቃቂ ላይ እያወረደ ወደየክፍለ ሀገሩ የሚልክ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የለም። የመንግሥት ሥራ የያዝኩ ዕለት እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ዳቦ ቆረሰች። «ልጄ ጥላ አገኘ» አለች። ለእሷ መንግሥት ማለት ጥላ ነው፤ ከዝናብም ከፀሐይም ያስጠልላል። እዚያ ጥላ ሥር ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ይኑር አይኑር፣ ማን ተነሥቶልኝ እንደምቀመጥ፣ አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅሁም። ክራባት ገዛሁና ሥራ ገባሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆንኩ። በዚያ ላይ የቤት ኮሚቴው ፀሐፊ ነበርኩ። ኮሚቴ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይና እኔ ነን። የምናድላቸውም ቤቶች አራት ብቻ ነበሩ፣ በሐዲዱ ጎን የተደረደሩ፣ ሦስት ሦስት ክፍል ያላቸው፣ ውሃና መብራት የገባላቸው። ከሥራ መደብ ጋር የሚሰጡ ቤቶች ናቸው። መደቡን የያዘ ይገባል። መደቡን የለቀቀ፣ በጡረታም ይሁን በዝውውር ወይም በሞት፣ ይወጣል። ለሟች ቤተሰብ ሦስት ወር ይሰጣል። ከዚያ በላይ መቆየት የሚፈልግ ለኮሚቴው ማመልከቻ ያስገባል፤ ኮሚቴው ካመነበት እስከ አንድ ዓመት ሊፈቅድ ይችላል። ይህን የምትፈቅደዋን አንቀጽ በጽሕፈት መኪና የጻፍኳት እኔ ራሴ ነኝ።

የመጋዘን ኃላፊው ሲሞቱ ቤት የሚጠባበቁ ሠራተኞች ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነበር። በሳቸው ቦታ የተተካው ሰው የራሱ ቤት ነበረው። እንግዲህ ተራዬ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር በነዚያ ሃያ ሁለት ዓመታት ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላውቅም፤ ተራዬ ነበር፣ አልሰረቅሁም፣ ማንንም አልገፋሁም።

ያኔ የምንኖረው ሳሪስ አቦ፣ ከሰው ግቢ ጓሮ፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። አከራያችን ሽንት ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን መቀነታቸው ላይ የሚቋጥሩ ሴትዮ ነበሩ፤ ለጉዳያችን በሄድን ቁጥር አንኳኩተን መለመን አለብን። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለምን አስቡት። ሆዷ ገፋ ገፋ ሲል ሴትዮዋ አንድ ማለዳ ባለቤቴ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ቆሙና፣ «እናንተዬ፣ ሌላ ቤት እየፈለጋችሁ ነው አይደል? እኔ የሕፃን ለቅሶ አልችልም» አሏት። ከቢሮ ስመለስ ዓይኗ አብጦ አገኘኋት። የዚያን ዕለት ማታ ሁለታችንም ስለዚያ ባዶ ሊሆን ስለተቃረበው ቤት እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ።

ሴትዮዋ፣ የሟቹ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ወደ ቢሮዬ የመጡት ባላቸው በሞቱ በሁለተኛው ወር ነው። ከል ለብሰዋል። የእናቴ እኩያ ናቸው፤ ግን ገና ከበሩ ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ፣ «ጌታዬ» አሉኝ፣ በአንቱታ አናገሩኝ። ተቀመጡ እስክላቸው አልተቀመጡም። እውነቱን ልናገር፣ ሳይቀመጡ ትንሽ አቆየኋቸው፤ ወረቀት የማነብ መስዬ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያደርገው ነበርና አደረግሁት።

ማመልከቻ ይዘው ነበር፣ ፍርድ ቤት ደጅ በሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች የተጻፈ። የጠየቁት አንድ ዓመት ነው።

«ሙት ዓመቱ እስኪወጣለት ድረስ ነው ጌታዬ» አሉኝ። «ልጅ የለን፣ ካንዲት እህቴ በቀር ወገን የለን። የወደቀባት ቦታ ላይ ጸሎት አስደርሼለት፣ ጎረቤቶቹን እዚያው ግቢው ውስጥ ዳቦ አብልቼለት፣ ከዚያ በማግሥቱ ውጪ ቢሉኝ እወጣለሁ። ሰው ቤት ሆኜ እንዴት አድርጌ ተዝካር አወጣለሁ? ደግሞስ ነፍሱ የት ብላ ትመጣለች?»

«ይታያል» አልኳቸው።

ይታያል የቢሮ ቃል ነው። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። የሰማው ሰው አመስግኖ ይወጣል፣ የተናገረው ሰው ደግሞ ምንም ያልተናገረ ያህል ቀልሎት ይቀመጣል። እሳቸውም አመስግነው ወጡ። ማመልከቻውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ለጊዜው ነው ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። አሠራራችን ይህ ነበር፤ ማመልከቻ ሲመጣ ወደ መዝገብ ቤት ይወርዳል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ የስብሰባው አጀንዳ ውስጥ ይገባል። ቁጥር ያላገኘ ማመልከቻ በመንግሥት ዓይን የለም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። በየማለዳው መሳቢያዬን እከፍታለሁ፣ አየዋለሁ፣ ዛሬ አወርደዋለሁ እላለሁ፣ እዘጋዋለሁ። አንድም ቀን አላወርደውም ብዬ ቆርጬ አላውቅም። የሚገርመው እሱ ነው። ክፉ ሥራ ሲሠራ ሰው የሚወስን ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ምንም ሳልወስን ዘጠኙ ቀን አለቀ።

ስብሰባው ሐሙስ ዕለት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ሰው ናቸው። ለቅሶው ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጠዋል፤ ያ ወረቀት ቢቀርብላቸው ሳያቅማሙ ይፈርሙበት ነበር፣ እኔም ዓመቱን ሳሪስ እጠብቅ ነበር። አጀንዳውን አንብቤ ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁና ተመለከቱኝ።

«ከሟች ቤተሰብ የቀረበ ጥያቄ የለም?»

«የለም» አልኩ።

ተወካዩ ሲጋራውን መተርኮሻው ላይ አራገፈ። ሥራ አስኪያጁ «እንግዲያው ጥሩ» አሉ። እኔም ፀሐፊ ነኝና ቃለ ጉባኤው ላይ፣ «ከሟች ቤተሰብ የቀረበ ጥያቄ ባለመኖሩ» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። በማግሥቱ ደግሞ የቤት መስጫውን ደብዳቤ አረቀቅሁ፤ ለእኔ፣ ግልባጭ ለግል ማኅደሬ።

ሰኞ ዕለት ሴትዮዋ ሊጠይቁ መጡ። ኮሚቴው አላመነበትም ማለት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ያ አልበቃኝም፤ የእናቴ እኩያ ሴት ፊት ክፉ ሰው ሆኜ መታየት አልፈለግሁም።

«እኔ በበኩሌ ብዙ ተከራክሬልዎት ነበር እትዬ» አልኳቸው። «የምችለውን ያህል ታገልኩ። ከአቅሜ በላይ ሆነ እንጂ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሡና ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ስለደከሙልኝ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ወንበርዎን ያጽናልዎት።»

ጥቅምት ላይ ለቀቁ። የመሥሪያ ቤቱ ፊያት የጭነት መኪና ዕቃቸውን ሊያደርስ ሄደ፤ የሚሄዱት እህታቸው ጋ ነው፣ ሳሪስ አቦ። መኪናው ባዶውን እንዳይመለስና ነዳጅ እንዳይባክን ተብሎ በመልሱ የእኔን ዕቃ ጭኖ እንዲመጣ ታዘዘ። ያን ትእዛዝ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመንግሥትን ንብረት በመቆጠቤም ሥራ አስኪያጁ አመስግነውኛል። መኪናው ጓሯችን ደጅ ሲቆም የሳቸው ፍራሽ ያራገፈው ጭድ መጫኛው ላይ ተበትኖ ነበር። ባለቤቴ መጥረጊያ አምጥታ ጠረገችው። የእኛን ፍራሽ ከላዩ ጫንን።

አዲሱን ቤታችንን ባለቤቴ እንዴት እንደወደደችው በቃ መናገር አልችልም። የመጀመሪያውን ሳምንት ጉዳይ ኖራትም አልኖራትም ሽንት ቤቱን ትከፍትና ትዘጋ ነበር፣ ቁልፉ የእሷ ነዋ። ልጃችን ኅዳር ላይ ተወለደች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ቤቱ እንደሌላ ቤት አልሆነልኝም። ባቡር ሲያልፍ ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ፣ ይህ ይጠበቃል። ከዚያ ደግሞ የውስጠኛው ክፍል በር ቀስ ብሎ ራሱን ይከፍታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ይዤ ተቀምጬ ባቡሩ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ቀና እላለሁ። ማንም የለም። ሰው ገብቶ የሚያየኝ ያህል ግን ይሰማኝ ነበር፣ ወረቀቴን ሳልገልጥ እቆያለሁ። እጀታውን ሁለት ጊዜ አስለወጥኩ። ምንም አልረዳም።

ሐምሌ መጣ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሴትዮዋ ቆመዋል፣ ከአንድ ቄስና ከሦስት አሮጊቶች ጋር። ድፎ ዳቦ በመሶብ፣ ጠላ በእንስራ ይዘዋል። ዝናቡ ያካፋል። ከግቢው በር አላለፉም።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉኝ። «ዛሬ ሙት ዓመቱ ነው። ካላስቸገርኩ ቄሱ ደረጃው ላይ ፍትሐት ቢያደርሱልኝ፤ ወዲያው እንሄዳለን።»

ባለቤቴ ከኋላዬ ሰምታ ኖሮ እኔን ገፍታኝ ወጣች። «እንዴ እትዬ! ግቡ እንጂ! ቤትዎ አይደለም እንዴ?» አለቻቸው። ወንበር አወጣሁ። ቄሱ ጸለዩ፣ የሟቹን የክርስትና ስም ደጋግመው ጠሩ፣ ደረጃውን ጠበል ረጩት። ሴትዮዋ አላለቀሱም። ዓይናቸውን ከዚያ ድንጋይ ሳያነሡ ቆመው ነበር። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ በላን። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መረቁኝ።

«እኚህ ሰው ደክመውልኛል። ያኔም ተሟግተውልኝ ነበር፣ ሳይሆን ቀረ እንጂ። ዛሬም በራቸውን አልዘጉብኝም። ከፍ ከፍ ያድርግዎት፤ ወንበርዎን ያጽናልዎት፤ ልጅዎን ያሳድግልዎት።»

ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ለባለቤቴ ደግሞ ሊሄዱ ሲሉ በጆሮዋ፣ «ባቡር ሲያልፍ ያቺ የውስጧ በር ትከፈታለች፤ ወረቀት አጥፈሽ ከሥሯ ጣል አድርጊባት፣ እኔ እንደዚያ ነበር የማደርጋት» አሏት። ከዚያ በኋላ በሩ አልተከፈተም። የቤቱን አመል ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር።

በየዓመቱ መጡ። አንድም ዓመት አላጓደሉም። ከአሮጊቶቹ አንዷ ቀረች፣ ቄሱ ተለወጡ፣ ሴትዮዋ በከዘራ መሄድ ጀመሩ፤ ሐምሌ ግን በመጣ ቁጥር እዚያ በር ላይ ናቸው። በየዓመቱም መረቁኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ ምርቃቱ ያሳምመኝ ነበር፤ ከሰኔ ጀምሮ እንቅልፍ ያሳጣኝ ነበር፣ መስክ ለመውጣት ሰበብ እፈልጋለሁ። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። ከመልመድም አልፌ ወደድኩት። ሰፈሩ ውስጥ ደግ ሰው ተባልኩ። ቢሮ ውስጥ ስለ ባለሥልጣን ክፋት ሲወራ፣ «ሁሉም አንድ አይደለም፤ እኔ ለምሳሌ አንዲት ባልቴት አሉ...» ብዬ ታሪኩን እጀምር ነበር፣ የእኔን ታሪክ፣ የተሟገትኩበትን። ደጋግሜ ስናገረው እውነት እየመሰለኝ መጣ። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ስናዘዝ ይህን አልተናዘዝኩም። ሴትዮዋ ራሳቸው የመረቁኝን ምን ብዬ እናዘዘዋለሁ?

ምርቃቱ ደረሰ መሰለኝ ከፍ ከፍ አልኩ። ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ፤ ላንድሮቨር ከነሾፌሩ፣ የቤንዚን ኩፖን፣ ቤቴ ውስጥ ስልክ። ይህን ሁሉ ባገኘሁ በዓመቱ መንግሥት ተለወጠና አንድ ማለዳ ለሥራ አስኪያጁ የስንብት ደብዳቤ መጣ። እኚያ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን የተቀመጡት ሰው ናቸው። እስከ ቀትር መኪናቸው ተወሰደ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልካቸው ተቆረጠ። ትናንት ኮታቸውን የሚቀበላቸው ዘበኛ ዛሬ ቦርሳቸውን ከፍቶ ፈተሸ። አመሻሹ ላይ በላንድሮቨሬ ስወጣ በሐዲዱ ላይ፣ ጭቃውን ለመሸሽ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው አግዳሚ እየረገጡ፣ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው በእግራቸው ሲሄዱ አየኋቸው። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። «ጋሼ፣ ልቁምላቸው?» አለኝ።

«ሰዓት የለንም» አልኩት። የምሄደው ወደ ቤቴ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የመንግሥት ሥራ ውስጤ ሞተ። ሥራ አልለቀቅሁም፣ ማን ይለቃል፤ እየገባሁ እየወጣሁ ዓመቱን ቆጠርኩ። ግን የሚሰጠኝን ነገር ሁሉ ሳየው የቀድሞው ሰው ይታየኝ ጀመር። የሥራ አስኪያጁ ወንበርና መኪና ወደ እኔ ተላልፈው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ክርናቸው የላጨው ቦታ አለ። መኪናው ውስጥ የሳቸው መነጽር ማኅደር ከወንበሩ ሥር ወድቆ አገኘሁ፤ ልሰጣቸውም፣ ልጥለውም አልሆነልኝም። ከመንግሥት ያገኘሁት ሁሉ ከሰው ላይ የተነሣ ነበር፣ አንድም አዲስ ነገር አልሰጡኝም። ያንን ሁሉ የምችልበት አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ምንም ባደርግ አንዲት ሴት በዓመት አንድ ጊዜ መጥታ ሰው መሆኔን ትመሰክርልኛለች። በውሸት ላይ እንደቆመ አውቃለሁ። ቢሆንም የምስክርነቱ ቃል የሳቸው ነው፣ ከልባቸው ነው እል ነበር።

ተራዬ ደረሰና ጡረታ ወጣሁ። ያኔ ባቡሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ለጡረተኛ የሚሰጠውን ሦስት ወር ጨርሼ ሰኔ መጨረሻ ላይ ቤቱን ማስረከብ ነበረብኝ። ባለቤቴ ሣህን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ «እትዬን ሄደህ ንገራቸው እንጂ» አለችኝ። «ሐምሌ ሲመጡ አዲሱ ሰውዬ በር ላይ ቢከለክላቸው ያሳዝናል።»

ቤቱን ካስረከብኩ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሪስ አቦ ሄድኩ፤ በሚኒባስ፣ ቆሜ። መንገድ ላይ ወሰንኩ። አሁን ወንበርም፣ ቤትም፣ ሾፌርም የለኝም፤ ከእንግዲህ የምደብቅለት ነገር ምን አለ? ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፣ ያለቅሳሉ፣ ምናልባት ይረግሙኛል፣ ምናልባትም ይቅር ይሉኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የመረቁ አፍ ይቅር ማለት አያቅተውም እያልኩ ነበር።

ከእህታቸው ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፣ ከለከልኳቸው። ጡረታ መውጣቴን፣ ቤቱን መልቀቄን ነገርኳቸው። ከዚያ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለ። ያኔ ያ ማመልከቻዎ...»

«መሳቢያህ ውስጥ ነበር» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ዓርብ ዕለት መጥቼ አንተ አልነበርክም። ያቺ ታይፕ የምትመታው ልጅ ቴምብር ፈልጋ መሳቢያህን ስትከፍት አየሁት። ማንበብ አልችልም፤ ጣቴን ግን አውቃታለሁ። ከታች አትሜበት ነበር። ማኅተም የለበትም። ባሌ መጋዘን ሲሠራ ስንቱን ወረቀት አይቻለሁ፤ ወደ ላይ የወጣ ወረቀት ማኅተም አለው። ሰኞ ስመጣ ተከራከርኩልዎት አልከኝ።»

«ታዲያ... ታዲያ ለምን...» አልኳቸው። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መረቁኝ እኮ!»

በቁጣ አላዩኝም። አንድ ነገር ሲነገረው ቶሎ የማይገባውን ሰው እንደሚያዩ ነበር ያዩኝ።

«ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ቤቱን አልነበረም፤ እሱንማ ወስደኸዋል። የፈለግኩት በዓመት አንዴ በሩ እንዲከፈትልኝ ነው። ብከስህ ትከፍትልኝ ነበር? ብረግምህስ? ባለወንበር ፊት ስንቆም ሁላችንም የምንለውን ነው ያልኩህ። ለዘበኛውም እለዋለሁ፣ ለቀበሌውም እለዋለሁ። አንተ ደግሞ ምርቃት ስትወድ!»

ይህን ብለው ሳቁ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው። እኔ ግን ያኔ እዚያች ክፍል ውስጥ ከሰውነቴ ምን እንደቀረ አላውቅም። ቢረግሙኝ የሚሻለኝ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ ማለቴን አስታውሳለሁ። እሳቸው በእጃቸው ተው ተው የማለት ዓይነት አደረጉ፣ ጊዜ የሌለው ሰው እንደሚያደርገው፣ እና ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ሌላ የሚያሳስባቸው ነገር ነበር።

«አሁን የሚገባው ሰውዬ ማነው? ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ። «ወጣት ነው። የፋይናንስ ኃላፊ ሆኖ ነው የመጣው።»

«ሚስት አለችው?»

«አለችው።»

«ጥሩ። ሚስት ካለች ይሻላል። እሱስ እንዴት ነው? ምርቃት ይወዳል?»

ርክክቡ ዕለት የመጣውን ያን ልጅ አሰብኩት፤ ክራባቱን፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ሲቀበለኝ፣ ባለቤቱ የሽንት ቤቱን በር ከፍታ ስታይ።

«ይወዳል እትዬ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ምን ተብሎ ነው የሚጠራው? ጋሼ ይባላል ወይስ ጌታዬ?» አሉኝ። ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።